የቆየ መኪና ሲሞቅ፦ ዕቃ ከመቀየርህ በፊት መቼ እንደሚሞቅ ለይ

«ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡራተር መኪና አለችኝ። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ከተማ ውስጥ ቀስ እያልኩ ስነዳ ምንም አትልም። አውራ ጎዳና ላይ ከ80 ካለፍኩ ወይም ረጅም ዳገት ከያዝኩ ግን ጌጁ ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ፍጥነት ስቀንስ ይመለሳል። ቆሜ ሞተሩን ሳጠፋ ደግሞ በራዲያተሩ ቀጭን ቱቦ ውሃ ትተፋለች። ተርሞስታቱን፣ የውሃ ፓምፑንና የራዲያተሩን ክዳን ቀይሬያለሁ፤ ለውጥ የለም። አንዱ መካኒክ ‹ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ› ይላል። ሌላው ‹ተርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው› ይላል። የቱን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ። ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል፣ አይውረድ፤ ተርሞስታቱም፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው በር፣ ቦታው ላይ ይቆይ። ሁለቱም የፈረዱት ሳይለኩ ነው። አንተም ሦስቱን ዕቃ የገዛኸው ሳትለካ ነው። የሞተር ሙቀት በግምት ከተሄደበት ገንዘብ ይጨርሳል፤ ምክንያቱም አንድ ምልክት ብዙ መነሻ ሊኖረው ይችላል።

ደግነቱ ጥያቄህን በደንብ ነው የጻፍከው። «መኪናዬ ትሞቃለች» ብቻ ብትለኝ ኖሮ የምልህ አልነበረኝም። አንተ ግን መቼ እንደምትሞቅ ነገርከኝ። ይህ አንድ መረጃ ከተጠርጣሪዎቹ ግማሽ ያህሉን ነጻ ያወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት በግምት አንድ ሦስተኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሌላ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ራዲያተሩ ያንን ሙቀት ለአየር ማስረከብ አለበት። ቀስ ብለህ ስትነዳ የሚቃጠለው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱም ጥቂት ነው። ንፋስ ግን የለም፤ ራዲያተሩ አየር የሚያገኘው በቬንትሌተሩ (በማራገቢያው) ብቻ ነው። 80 ስትነዳ ሁኔታው ይገለበጣል። ንፋሱ በራሱ ይመጣል፤ ቬንትሌተሩ ኖረም አልኖረም ለውጡ ትንሽ ነው። ሙቀቱ ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ስለዚህ በመንገድ መጨናነቅ ወይም በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ቆማ የምትሞቅ፣ ስትንቀሳቀስ የምትበርድ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ያጣችው አየር ነው። የላላ ቺንጋ (ቬንትሌተሩንና ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ የደከመ የቬንትሌተር ክላች፣ የጠፋ የቬንትሌተር መከለያ፣ በነፍሳትና በአፈር የተደፈነ የራዲያተር ፊት ይጠረጠራሉ። ያንተዋ ተቃራኒ ናት። ስትጫናት ትሞቃለች፤ ስታዝናናት ትበርዳለች። ይህ ማለት ወይ ውሃው በበቂ አይዞርም፣ ወይ ራዲያተሩ ውስጡ ጠቧል፣ ወይ ሞተሩ ራሱ ከሚገባው በላይ ሙቀት እያመረተ ነው። «የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ግጠም» የሚልህ ሰው ከመጣ እሺ አትበል። ያንተን ችግር አይፈታም። እንዲያውም ከራዲያተሩ ፊት የሚገጠመው ዓይነት በፍጥነት ጊዜ የሚገባውን ንፋስ ሊጋርድ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ጌጁን አትመን። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ጌጅ ነው፤ ያሳይህን ሁሉ እንደ እውነት አትውሰድ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተሠሩ ብዙ መኪናዎች ከዳሽቦርዱ ጀርባ የቮልቴጅ ማረጋጊያ የምትባል ትንሽ ቁራጭ አለች። የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ ከእሷ ነው የሚመገቡት፤ በብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪናዎች 10 ቮልት ገደማ ትሰጣቸዋለች። ከተበላሸች ወይም ከመኪናው አካል ጋር ያላት ግንኙነት ከዛገ የባትሪውን ሙሉ ቮልቴጅ ታሳልፋለች። ያኔ ሁለቱም ጌጆች አብረው ከፍ ይላሉ። ነዳጅህ ካለው በላይ ሞልቶ፣ ሙቀቱም አብሮ ጨምሮ ከታየህ እዚያ ጀምር። ሌላው ከሞተሩ ላይ የተጠመደው ሴንሰር ነው። በአብዛኛው ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል። ሽቦው ተልጦ ብረት ከነካ ጌጁ ሽቅብ ይወረወራል። ያንተ ጌጅ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ሽቦ መንካት አይመስለኝም። ግን ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለህ አሁንም አናውቅም። «ወደ ቀዩ» 95 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፣ 115ም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ደግሞ ትልቅ ነው።

82 ዲግሪ ላይ የሚከፍት ተርሞስታት ያለው ሞተር በሞቃት ቀን ረጅም ዳገት ላይ 95 ቢደርስ እኔ አልደነግጥም። አንድ ቦታ ደርሶ ከቆመ፣ ውሃም ካልቀነሰ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያስፈራኝ ማቆሚያ የሌለው ጭማሪ ነው፤ ወይም ውሃው ሲፈላ። ውሃው መቼ እንደሚፈላ የሚወስነው ደግሞ ክዳኑ ነው። ክዳን በሌለበት፣ በባሕር ጠለል ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። የ0.5 ባር ክዳን ወደ 111 ያደርሰዋል፤ የ1 ባር ክዳን ወደ 120። ከፍታ ይህን ይቀንሰዋል። በ2,000 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በ0.5 ባር ክዳን 107 አካባቢ። ከፍ ባለ ቦታ የምትነዳ ከሆነ መጠባበቂያህ ጠባብ መሆኑን ልብ በል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ አንቲፍሪዝ ጥቂት ዲግሪ ይጨምርልሃል።

ክዳን ቀይሬያለሁ ብለሃል። የገዛኸው ክዳን ግፊቱ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ከሚያዘው ጋር አንድ ነው? አንገቱ ላይ ሲቀመጥስ የታችኛው ጎማ በትክክል ይጫናል? የራዲያተር አንገት ጥልቀቱ ይለያያል። አጭር ክዳን ጥልቅ አንገት ላይ ከገባ ከላይ የተዘጋ ይመስላል እንጂ ግፊት አይይዝም። በተቃራኒው «ይጠነክራል» ብሎ ከፍተኛ ግፊት ያለው ክዳን መግጠም የቆየ ራዲያተርን ብየዳ ይፈታል።

ስለ መትፋቱ ላረጋጋህ። መኪናህ ማጠራቀሚያ ጠርሙስ የላትም ብዬ እገምታለሁ፤ የዚያ ዘመን ብዙ መኪኖች የላቸውም። እነዚህ ራዲያተሮች እስከ አንገት አይሞሉም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ለመስፋፊያ ቦታ ካላገኘ ትርፉን ይተፋል። ሞተር ስታጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል፤ ብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ወደ ቆመው ውሃ መግባቱን አያቋርጥም። ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ በ5 እና በ10 ዲግሪ መሃል ቢጨምር የተለመደ ነው። መትፋቱ የሚመጣው ያኔ ነው። ባለቤቱ ጠዋት ይከፍታል፣ «ጎድሏል» ይላል፣ ይሞላል፣ ከሰዓት እንደገና ይተፋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከአንገቱ ሥር 3 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርገህ ተወው። የላይኛው ታንክ ውስጥ ቱቦዎቹ በውሃ ከተሸፈኑ በቂ ነው። ለጥቂት ቀን ሳትሞላ ተከታተል። አንድ ደረጃ ላይ ረግቶ ከቆመ ይሄ ብልሽት አልነበረም። በየቀኑ እየቀነሰ ከሄደ ግን ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ጓርኒሲዮኑን (በብሎኩና በቴስታታው መሃል ያለውን ማሸጊያ) ከቁም ነገር እንቆጥረዋለን።

አሁን ለዚህ ችግር ከሁሉ በላይ የምወደው ምርመራ ላይ ደርሰናል። ሁለት ጫፍ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ፈልግ። ዕቃ ሳይፈታ የሚሠራ ነገር ነው። አንዱን ጫፍ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ የተሰካበት ብረት ላይ፣ ሁለተኛውን የታችኛው ላይ በቴፕ አጣብቅ። ከላዩ በስፖንጅ ሸፍን፤ አለዚያ የምትለካው የንፋሱን ሙቀት ነው። ሽቦዎቹን ከቬንትሌተሩና ከጭስ ማውጫው አርቀህ ወደ ውስጥ አስገባ። ከዚያ አንድ ሰው ከጎንህ ይቀመጥና ወደሚያሞቃት ዳገት ውጣ። እሱ ሁለቱን ቁጥር ይጽፋል፤ አንተ መንገድህን ተመልከት። በእጅ የሚያዘው የጨረር ቴርሞሜትርም ይሠራል፤ ግን ለዚያ መቆም አለብህ፣ ስትቆም ደግሞ ሁኔታው ይቀየራል። በሚያብረቀርቅ ብረት ላይም ይዋሻል፤ የሚለካበትን ቦታ በደብዛዛ ጥቁር ቴፕ መሸፈን ይኖርብሃል።

ቁጥሮቹን የምታነበው ሙቀቱ 95 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ተርሞስታቱ ገና በከፊል ስለሚዘጋ ልዩነቱ ያሳስትሃል። በጤናማ ሁኔታ በላይኛውና በታችኛው መሃል ያለው ልዩነት ከ5 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ከላይ 102፣ ከታች 75 ካየህ ራዲያተሩ የደረሰውን ውሃ በደንብ እያቀዘቀዘው ነው፤ የሚደርሰው ውሃ ግን ትንሽ ነው። ዝውውሩ ታንቋል ማለት ነው። ከላይ 102፣ ከታች 98 ካየህ ውሃው እየሮጠ ነው፤ ሙቀቱን ግን አላወረደም። ያኔ ራዲያተሩ ከአየሩ ጋር ያለው ግንኙነት ተበላሽቷል። ከላይ 102፣ ከታች 91 ሆኖ ሙቀቱ ግን መጨመሩን ካላቆመስ? ያኔ ራዲያተሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ሞተሩ ነው የሚያሸንፈው። እዚያ ጋ ወደ ታይሚንግና ወደ ነዳጅ ቅልቅሉ እንሄዳለን።

ዝውውሩ ታንቆ ከሆነ ከሁሉ በፊት የታችኛውን ቱቦ ተመልከት። ፓምፑ ውሃ የሚስበው በእሱ ነው። ዙር ሲጨምር ውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ያረጀና የለሰለሰ ጎማ ከሆነ ጎኖቹ ተጣብቀው ይዘጋሉ። ብዙ መኪኖች ለዚህ ነው ከፋብሪካ ሲወጡ ቱቦው ውስጥ የሽቦ ጥምዝምዝ የነበራቸው። ያ ሽቦ በዝገት ይበላል፤ ወይም ቱቦ ሲቀየር ተረስቶ ይቀራል። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መኪናዋ ቆማ ጓደኛህ የሞተሩን ዙር በደቂቃ ወደ 3,000 ያድርሰው፤ አንተ ቱቦውን ከጎን ሆነህ እይ። ሸሚዝህን ሰብስብ፤ ቬንትሌተር እጅ አይለይም። ዙር ሲጨምር ቱቦው ከጠበበ ጥፋተኛህን አገኘህ። በፍጥነት ብቻ የሚመጣ፣ በዝግታ የሚጠፋ ሙቀት ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። በዚያ ላይ ከቀየርካቸው ዕቃዎች መሃል ቱቦ አልጠቀስክም።

ከዚያ ራዲያተሩ። እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንይ፤ ምክንያቱም ባንተ ምልክት ላይ ቀዳሚው ተጠርጣሪዬ እሱ ነው። የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ቱቦዎች ቀጭን ናቸው። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ከተሞላባቸው በነጭ የኖራ ቅርፊት ይለበሳሉ። ከብሎኩ የሚመጣ የዝገት ደለል ደግሞ የታችኞቹን አፍ ይዘጋል። ከቱቦዎቹ ሲሶው ቢዘጋ በከተማ አይታወቅህም፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛ ለትንሹ ሙቀት ይበቃል። ዳገት ሲመጣ ነው ጉድለቱ የሚገለጠው። ልክ የምትገልጸው ዓይነት ማለት ነው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ በጨረር ቴርሞሜትሩ የራዲያተሩን ፊት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ቃኘው። ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ራዲያተር ከሆነ ሙቀቱ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። በመሃል ድንገት የቀዘቀዘ መስመር ወይም ማዕዘን ካገኘህ እዚያ ውሃ አያልፍም።

ውጫዊውንም አትርሳ። ከቱቦ ወደ ቱቦ የተዘረጉት ስስ ክንፎች ሙቀቱን የሚያስረክቡት ከቱቦው ጋር በብየዳ እስከተያያዙ ድረስ ነው። ብየዳው በዝገት ከተበላ ክንፉ ቦታው ላይ ያለ ይመስላል፣ ሙቀት ግን አይቀበልም። በጣትህ ጫፍ ቀስ ብለህ ንካው። እንደ ደረቅ ቅጠል የሚፈረፈር ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ማጠብ አያድነውም። የመሃሉ ክፍል መቀየር አለበት። ከታችኛው ቱቦ ያገኘኸው ቁጥር ከላይኛው ጋር ተቀራራቢ ከነበረ ይህን በተለይ ተመልከት። ወፍራም ጥቁር ቀለም የተቀባ ራዲያተርም አየር ይነሳዋል።

የተዘጋ ራዲያተርን በጠንካራ አሲድ ልክፈት አትበል። ቴስታታህ አሉሚኒየም ነው፤ አሲዱ ከሞተሩ ውስጥ ከገባ ይበላዋል። መጀመሪያ ራዲያተሩን ከሞተሩ ለይተህ በለስላሳ የውሃ ግፊት ከታች ወደ ላይ እጠበው። የሚወጣው ውሃ ቡናማ ሆኖ ቁርጥራጭ ካመጣ አልፎ አልፎ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ ታንኩን አስከፍቶ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በዘንግ የሚጠርግ የራዲያተር ባለሙያ ጋ ውሰደው። ያረጀ ራዲያተር ሲጠረግ ተደብቆ የነበረ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል፤ አስቀድመህ እወቀው።

ብሎኩም የደለል ማከማቻ ነው። ከጎኑ የማፍሰሻ ቡሎን አለ። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ፍታው። ውሃ ካልወጣ ብሎኩ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ቀዳዳው በዝገት ጭቃ ተደፍኗል። በሽቦ ቆርቁረው። ብዙ ጊዜ ከሁሉ በላይ ጭቃ የሚከማቸው ከፓምፑ በጣም በሚርቀው የኋላ ሲሊንደር ዙሪያ ነው። ራዲያተሩን አጽድተህ ብሎኩን ከተውክ ያ ጭቃ ተመልሶ አዲሱን ራዲያተር ይዘጋዋል። እኔ ሁለቱን ለይቼ አልሠራም።

ፓምፑንና ተርሞስታቱን ቀይረሃል፤ አዲስ መሆናቸው ግን ደህና መሆናቸውን አያረጋግጥም። ተርሞስታቱን አውጥተህ ማሰሮ ውስጥ በውሃ ቀቅለው፤ ቴርሞሜትር አብረህ አስገባ። የተጻፈበት ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲጨምር ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ግማሽ ብቻ የሚከፈት አዲስ ተርሞስታት ያጋጥማል። ሲመለስ ስፕሪንጉ ያለበት ጎን ወደ ሞተሩ መዞሩን አረጋግጥ። ለፓምፑ ደግሞ ቺንጋውን በአውራ ጣትህ ረጅሙ ክፍል ላይ ተጫን፤ 1 ሴንቲሜትር ያህል ቢገባ ጥሩ ነው። ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በከፍተኛ ዙር ይንሸራተታል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ማቀዝቀዝ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ሙቀቱን የሚፈጥረውን ጎን ነው። ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ከዘገየ ነዳጁ ዘግይቶ ይቃጠላል። ፒስተኑ ወርዶም እሳቱ አያልቅም። ጉልበት መሆን የነበረበት ሙቀት ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ፣ ወደ ጭስ ቫልቮቹና ወደ ቴስታታው ይሄዳል። መኪናዋ ሰነፍ ትሆናለች። አንተም ስንፍናዋን ለማካካስ ጋዙን ትጨምራለህ፤ ሙቀቱ ይብሳል። ዳገት ላይ ጉልበት አጥታብሃለች? ስትጽፍልኝ ይህን ንገረኝ።

ፑንቲና (የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መገናኛ) ያለው ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ከሆነ ማንም ሳይነካው ታይሚንጉ ይዘገያል። በካሙ ላይ የምትንሸራተተው ትንሽ ፕላስቲክ እየተበላች ስትሄድ የፑንቲናው ክፍተት ይጠብባል፤ ክፍተቱ ሲጠብብ እሳቱ ይዘገያል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍተቱን በመጽሐፉ ልክ አስተካክል፤ ከዚያ ታይሚንጉን በታይሚንግ ላይት አስተካክል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። በሚኒሞ ላይ ትክክል ሆነ ብለህም አትቁም፤ ያንተ ችግር ያለው በፍጥነት ነው። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የምትሄደውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለህ ዝጋና ዙሩን ወደ 3,000 አድርስ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ተከፍተው እሳቱን ወደፊት ማምጣት አለባቸው። የብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች ታይሚንግ በዚህ ዙር ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ከ28 እስከ 36 ዲግሪ (የመዞሪያ እንጂ የሙቀት አይደለም) አካባቢ ይሆናል፤ የአንተን ትክክለኛ ቁጥር ከመጽሐፉ ውሰድ። ዙር ጨምሮ ምልክቱ ካልተንቀሳቀሰ ክብደቶቹ በዝገት ተጣብቀዋል። የቫኪዩም ክፍሉን ደግሞ በቱቦው በአፍህ ሳበው፤ ሳህኑ መንቀሳቀስ፣ ስትይዘውም ባለበት መቆየት አለበት። አየር ካስገባ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል። ይህ ክፍል የሚሠራው በተለይ በአውራ ጎዳና ላይ ጋዙን በመጠኑ ይዘህ ስትነዳ ነው። ሲሞት መኪናዋ ትሞቃለች፣ ነዳጅም ትጨርሳለች፣ ከተማ ውስጥ ግን ብዙ አትከፋም።

ነዳጁ ከቀጠነም፣ ማለትም ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ካነሰም፣ ተመሳሳይ ውጤት ይመጣል። የተዘጋ ዋና ጂግለር (የካርቡራተሩ የነዳጅ ቀዳዳ)፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም ከካርቡራተሩ ሥር የሚገባ የውጭ አየር ያቀጥነዋል። ዳገት ወጥተህ ሞተሩን ወዲያው አጥፋና ካንዴላዎቹን አይተህ ፍረድ። ፈዛዛ ቡናማ ደህና ነው። ነጭ ሆኖ የተጠበሰ ከመሰለ ቀጥኗል። ዳገት ላይ የብረት ኳስ የሚንኳኳ የመሰለ ድምፅ ካለ ማሞቁን ተወውና መጀመሪያ እሱን ፈልግ፤ ፒስተን ይበሳል።

ጓርኒሲዮኑስ? ያ መካኒክ ያለ ምክንያት አልተናገረም። ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጓርኒሲዮን በከተማ ዝም ብሎ፣ ዳገት ላይ ግፊት ሲበዛ ብቻ ጋዝ ወደ ውሃው ሊለቅ ይችላል። እኔ የምቃወመው ሳይረጋገጥ ቴስታታ መውረዱን ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ አድሮ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ጠንክሮ ከተወጠረ ውሃው ገና ስላልሞቀ ግፊቱ የመጣው ከሲሊንደር ነው። ሌላው በራዲያተሩ አንገት ላይ የሚቀመጠው መሞከሪያ ነው፤ ውስጡ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፣ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህንን ሞተሩ ዳገት ወጥቶ ሲመለስ ሞክረው፤ ክዳኑን ግን እስኪበርድ ሳትጠብቅ አትንካ። ከዘይቱ ሊቬሎ ዘንግ ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካየህ ወይም ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽናቸው (የመጭመቅ ግፊታቸው) አብሮ ከወረደ ምርመራው አልቋል። ያኔ ቴስታታው ይውረድ፤ ሲወርድም ቀጥ ያለ ማስመሪያና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩ ስስ ብረቶች) ይዘህ መጣመሙን ሳትለካ አዲስ ጓርኒሲዮን አትግጠም።

ተርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው የሚለውን ምክር በፍጹም አልቀበለውም። በአንዳንድ ሞተሮች ተርሞስታቱ ሁለት ሳህን አለው። አንዱ ወደ ራዲያተሩ ሲከፍት ሌላው አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። አውጥተህ ከጣልከው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በረጅም ዳገት ላይ መኪናዋ ከበፊቱ ይልቅ ትሞቃለች። ሳህኑ አንድ ብቻ በሆነበት ሞተርም ቢሆን ያለ ተርሞስታት የሚሠራ ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ይነዳል፤ ዘይቱ ውስጥ ነዳጅና እርጥበት ይከማቻል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ስትሞላ የማሞቂያውን ቧንቧ ክፈት፣ የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርግ፣ ክዳኑን ሳትዘጋ ተርሞስታቱ እስኪከፈት በሚኒሞ አሠራት። የተያዘ አየር ካለ በዚያ ይወጣል። ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ ጌጁ ዝቅ ብሎ ያታልልሃል። ግማሽ የተጣራ ውሃ፣ ግማሽ ለአሉሚኒየም የተፈቀደ አንቲፍሪዝ ተጠቀም። ቀለሙን አይተህ አትግዛ፤ ቀለም ደረጃ አይደለም። አንቲፍሪዝ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ የፈሰሰውን ለልጅና ለእንስሳ ክፍት አትተው።

እስከዚያው መንገድ ላይ ጌጁ ከወጣብህ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ መስኮቱን አውርድ፣ ጋዙን አቅልል። ትንሿ የማሞቂያ ራዲያተር ከምታስበው በላይ ታግዛለች። እንፋሎት ካየህ ግን ወዲያው ቁምና አጥፋ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስ፤ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ክዳኑንም የላይኛው ቱቦ በእጅ ተይዞ እስኪለሰልስ አትክፈት።

ባንተ ቦታ ብሆን በዚህ ቅደም ተከተል እሄድ ነበር። ውሃውን ዝቅ አድርጎ መከታተል፣ የታችኛውን ቱቦ በ3,000 ዙር ማየት፣ ባለ ሁለት ጫፉን ቴርሞሜትር አጣብቆ ዳገት መውጣት፣ ከዚያ ታይሚንጉን መለካት፣ ከዚያ የጋዙ መሞከሪያ። እነዚህ ሁሉ አንድ ቡሎን ሳይፈታ የሚሠሩ ናቸው። ራዲያተሩን የማወርደው ቁጥሮቹ ወደዚያ ካመለከቱኝ ብቻ ነው። ስትጨርስ የላይኛውን ቱቦ ዲግሪ፣ የታችኛውን ዲግሪ፣ የምትነዳበትን ከፍታ፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ግፊትና ታይሚንጉ በ3,000 ዙር ስንት እንደነበር ጻፍልኝ።